አርባ አንዱ የለቅሶ ቤቶች

ሐይቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ተሾመች፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «ለወ/ሪት ሱረያ ሰላሀዲን፣ የዳርቻ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ» ብለው የላኩት ደብዳቤ ቤታችን ደርሷል። ፖስታውን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም፤ የእሷን ግን ከእኔ ሌላ የሚከፍተው የለም። ሱረያ እህቴ ናት። ጥቅምት 14 ቀን አረፈች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነበር።

ስሜ ሙሀይሚን ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባታችን ከሦስት ዓመት በፊት ስለሞተ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ማንበብ አትችልም። የሱረያ ስም ያለበት ፖስታ መጣ ስላት «ምን አሏት?» አለችኝ። «ጥያቄ ጠየቋት» አልኋት። «እንግዲያ መልስላት» አለች። የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በደብዳቤዎ ካሉት ዘጠኝ ጥያቄዎች የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ሊቀ መንበሩ ጋሽ አንዳርጋቸው ዘንድ ነው፤ የእሷንም ቁልፍ በቀብሯ ማግስት መጥተው ወስደዋል። ሰነዶቹ በካርቶን ሲታሸጉ አብሯት የነበረው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። መንገዱ አያስተማምንም፣ ኦዲተር አይመጣም፣ መዝገቡ ሁሉ ባሕር ዳር ይላክ ስለተባለ ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ አልወጣችም። ሆዷን ይዛ ቁጭ ብላ፣ እኔ ገመዱን ስጎትት «አጥብቀው እንጂ፣ የበርበሬ ከረጢት መሰለህ?» ትለኝ ነበር። ካርቶኖቹ በሄዱ ማግስት ወደቀች። ደሴ ስናደርሳት ትርፍ አንጀቷ ከፈነዳ ቆይቷል አሉን።

ሌሎቹን ሰባቱን አላውቅም፤ ስለ «አርባ አንዱ ብድሮች» የጠየቁትም አልገባኝም። ከተማው ግን የገባው ይመስላል። ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ «ብትኖር ኖሮ ትታሰር ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ ዓሣ አስጋሪው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው ሁሉ «ባንካችን» ነው የሚለው። ገንዘባቸው አለ ወይስ የለም? አንድ ባንክ ጤነኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? እህቴስ ሌባ ነበረች? አስቀድሜ መጠየቅ የፈለግሁት የመጨረሻውን ነበር።

አክባሪዎ፣
ሙሀይሚን ሰላሀዲን


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙሀይሚን፣

ለእናትህና ለአንተ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ለሞተች ልጅ ጥያቄ ጽፌ በለቅሶ ቤት እንዲነበብ ማድረጌ አሳፍሮኛል። መሞቷን ከማኅበሩ ማንም አልነገረኝም።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስልኬን ጠይቀሃል። አልሰጥህም። እኔ ኦዲተር ነኝ፤ የምትጽፍልኝ ሁሉ፣ እህትህን ቢጠቅማትም ቢጎዳትም፣ ከማኅበሩ ፋይል ጋር ይያያዛል። ይህን አውቀህ ጻፍ። ብትተወውም አልቀየምህም።

የባንክ ጤና ካዝና ከፍቶ ብር በማየት አይታወቅም። ካዝና ውስጥ ያለው ትንሹ ነው፤ ትልቁ በሰው እጅ ነው ያለው። ስለዚህ የምንጠይቀው፣ ያበደረው በጊዜው ይመለሳል ወይ? ባይመለስ ጉድጓዱን የሚሞላ መጠባበቂያ አለው ወይ? ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት ገንዘቤን ስጡኝ ቢል ይችላል ወይ? እያልን ነው። የእናንተ ማኅበር ከአባላቱ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ተቀብሏል፤ ከዚህ ውስጥ አምስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺውን አበድሯል። ከሦስት አባላት አንዱ ቢመጣ በእጁ ያለው ያልቃል።

መዝገቡ ላይ ከተበደረው መቶ ብር ቀኑ ያለፈበት ሦስት ብር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ቁጥር ሳይ እጠራጠራለሁ። ተጠራጥሬም አርባ አንድ ብድሮች አገኘሁ። በየመንፈቁ፣ በአንድ ቀን፣ «ተከፍሏል» ይላል፤ በዚያው ቀን ለዚያው ሰው ያው ብር እንደገና «ተሰጥቷል» ይላል። የተበዳሪ ፊርማ የለም። ጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ አሥር ሺህ ብር ነው፤ ከመቶው ሃያ አምስት ማለት ነው። መጠባበቂያው ሦስት መቶ ሺህ እንኳ አይሞላም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ተበዳሪው የለም፤ ብሩን የወሰደው መዝጋቢው ነው። እህትህ ሌባ ናት አላልሁም። አይደለችም ለማለትም አልቻልሁም። የስሞቹን ዝርዝር አያይዤልሃለሁ። ታውቃቸዋለህ? በእርግጥ ያሉ ሰዎች ናቸው?

ተሾመች


ሐይቅ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ተሾመች፣

እናቴ ሰላም ብላዎታለች። «የእናት ጥያቄ ነው የምትጠይቀው» አለች ስለ እርስዎ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰዎቹ አሉ። ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ ሳነብላት አምስተኛው ስም ላይ አስቆመችኝና «ይህ'ኮ የለቅሶ ቤት ዝርዝር ነው» አለችኝ። ዑምኩልሱም ባሏ ሐይቁ ውስጥ ቀርቶባታል። ባዬ ልጁን በጦርነቱ ጊዜ አጥቷል። ደሳለኝ ሚስቱንም ወንድሙንም በአንድ ክረምት ቀብሯል። ሁሉም እንዲህ ናቸው።

እኛ አገር ቅሬ አለ፤ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቅሬው የለቅሶ ቤት ዕዳ አይጠይቅም። ማኅበሩን ያቋቋሙትም የቅሬው ሰዎች ስለሆኑ ወጉን ይዘውት ገቡ። ዱሮ ዓመት ሲሞላ ይጠየቅ ነበር አሉ። በጦርነቱ ዓመት ግን ለቅሶ በለቅሶ ላይ ተደራረበ፤ ማን በማን በር ቆሞ ይጠይቅ? ሱረያ መጠየቅ ካልቻለች፣ ቀኑ አለፈ ብላም መጻፍ ካልቻለች፣ «ተከፍሏል፣ እንደገና ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

ጋሽ አንዳርጋቸው ዘንድ ሄጄ «አትጠይቂ ያላችኋት እናንተ ናችሁ፤ ለኦዲተሯ ይጻፉላት» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እሱ'ኮ በቃል ነው» አሉኝ።

«በቃልም ቢሆን ብላችኋል።»

«በቃል የተባለ ይጻፋል እንዴ? እኔ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እሷን እንግዲህ ማንም አይጠይቃት።»

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የአባቴን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ይህም ይግባልኝ።

ሙሀይሚን


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙሀይሚን፣

ገብቷል። ነገር ግን በቃል ተባለ የሚለው ለእኔ ሥራ አይበቃም። ለኮሚቴው ጽፌ «እንዲህ ያለ ውሳኔ አናውቅም» የሚል መልስ አግኝቻለሁ፤ በየቤቱ ሄዳችሁ አረጋግጡልኝ ብል «የለቅሶ ቤት አንሄድም» ብለዋል።

የሚቀረው መንገድ አንድ ነው። ተበዳሪው ራሱ «ወስጃለሁ፣ አልከፈልሁም፣ አለብኝ» ብሎ ከፈረመ፣ ዕዳው በሕይወት ያለ ዕዳ ነው። ማኅበሩ ታሟል እላለሁ፤ ተዘርፏል አልልም። የታመመ ይድናል። ካልፈረሙ ግን እስከ የካቲት በማቀርበው ሪፖርት «ለሌሉ ተበዳሪዎች የወጣ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በማን እጅ እንደወጣም እጽፋለሁ። ሂድ አላልሁህም። አንተ ተማሪ ነህ፤ ሐዘንህም ገና ነው።

ተሾመች

(በሌላ ወረቀት)

ይህቺ ወረቀት ፋይል አትገባም። መስከረም መጨረሻ ላይ እህትህ ደውላልኝ ነበር። «አሥር ቀን ይጨምሩልኝ፤ ትንሽ አሞኛል» አለችኝ። እኔም «ኦዲት ሲባል የማይታመም ሒሳብ ሠራተኛ አላየሁም» አልኋት። ሳቀች። «እሺ፣ እልካለሁ» አለች። በመጀመሪያው ደብዳቤህ «ሆዷን ይዛ» የሚለውን ካነበብሁ ጀምሮ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ይቅር በለኝ ልል ብዕር አንሥቼ አስቀምጣለሁ። ይህን ለእናትህ ልንገራት ወይስ አንተ ትነግራታለህ?


ሐይቅ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ተሾመች፣

አምስት ሳምንት ያልጻፍሁት አኩርፌ ነው። ለትልቅ ሰው እንዲህ መጻፍ ነውር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። ያችን ወረቀት ለእናቴ አላነበብሁላትም።

እርስዎ የፈሩት ሳምንት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ከማኅበሩ በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ባጃጆች መተላለፊያ አጥተው ጥሩንባ ይነፋሉ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ዘይት ነው የሚታደለው?» ሲል አንዲት ሴት «የራሳችን ብር!» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ ከሰልፉ የወጣ ግን አልነበረም። ለአንድ ሰው ከሁለት ሺህ ብር በላይ አይሰጥም የሚል ተለጠፈ። እኔን ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ የእርስዎን ዝርዝር፣ ሉክ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ዑምኩልሱም ዘንድ ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ታጸዳ ነበር።

«የሱረያ ወንድም አይደለህ? እህትህ ሦስት ዓመት በዚህ ስታልፍ ሰላምታ እንጂ ብር አልጠየቀችኝም። አንተ አርባዋ ከወጣ ስንት ቀንህ ነው?»

«ክፈሉኝ አላልሁም። አለብኝ ብለው ይፈርሙልኝ ነው ያልሁ።»

«በሁለቱ መሀል ምን አለ?»

«የእህቴ ስም አለ» አልኋት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ጣቷ ላይ የዓሣ ቅርፊት ስለነበር የመጀመሪያው አሻራ ተበላሸ፤ ታጥባ መጥታ ደገመችው። ሁለቱንም ልኬያለሁ።

ደሳለኝ ያለው ከአምባሰል በኩል፣ ከውጫሌ በላይ ነው። ሁለት ጊዜ በዱላ መለሰኝ። «የራስህ ለቅሶ ሳያልቅ የሰው በር ትቆረቁራለህ? ቤታችሁ ወግ የለም?» አለኝ። በሦስተኛው ልጁ ወጥታ «አባባ፣ ልጁ'ኮ ከሐይቅ በእግሩ ነው የመጣ» አለችው። ፈረመልኝ፤ ውኃ ግን አልሰጠኝም። ውኃውን ልጅቷ አጥሩን ዞራ አመጣችልኝ።

ባዬን ቤቱ አጣሁት። ልጁ ከሞተ በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቷል አሉኝ። ገዳሙ በር ሄጄ አስጠራሁት። ቆቡን ገና አላገኘም፤ እንጨት ሲፈልጥ ነበርና ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ዓለምን ትቻለሁ ብዬ ነው እዚህ የገባሁት» አለኝ። «ዕዳዬም እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። አንተ የሰላሀዲን ልጅ ተሸክመኸው መጣህ?»

«ይቅርታ ጋሽ ባዬ።»

«ምን ይቅርታ አለው! እህቴ ዘንድ ጊደር አለችኝ፤ እሷን ይሽጡ። ሱረያ ደግ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው። ግን ታውቃለህ? የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ እኔም ራሴን መጠየቅ ተውሁ።»

ይህን ያህል እጽፋለሁ። የተቀሩትን ከወረቀቶቹ ያዩታል። ሁለት ቤት ውሻ ለቀውብኛል፤ አንድ ቤት አልቅሰው አስለቅሰውኛል። የሁሉም ይኸው።

ሙሀይሚን


ባሕር ዳር፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙሀይሚን፣

ወረቀቶቹ ደርሰዋል። አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁ፤ ብሩም ቀኑም ይገጥማል። በእነዚህ ወረቀቶች ማኅበሩ ሊተርፍ ይችላል። እንዴት እንደሠራኸው አላውቅም፤ እኔ በአንተ ዕድሜ አልሠራውም ነበር።

«የሁሉም» ብለሃል። ደጋግሜ ቆጠርሁ፤ አርባ ናቸው። የሐቢባ ይማም፣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር፣ የለም። ከአርባ አንዱ ሁሉ ቀድሞ የታደሰው እሱ ነው፤ ሌሎቹ የተጀመሩት ከእሱ በኋላ ነው። ለዚህ ብዬ አጥብቄ እጠይቅሃለሁ። ሐቢባ ይማም ማን ናት? ሞታለች ወይስ አልተገኘችም?

ተሾመች


ሐይቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ተሾመች፣

አልሞተችም። ይህን ስጽፍ ምስር እየለቀመች አጠገቤ ተቀምጣለች። ሐቢባ ይማም እናቴ ናት።

በላኩልኝ ዝርዝር ውስጥ ስሟ ነበር። ያን ቀን ለእሷ ሳነብላት ዘልዬው አለፍሁ። አባቴ ለሚነዳት ባጃጅ ማሟያ ብላ የተበደረችው ነው። እሱም ባጃጇም በአንድ ቀን ቀሩ። ሱረያ ያን ጊዜ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ሌሎቹን አዝና ነው፣ ታዝዛ ነው ማለት እችላለሁ። የእኛን ግን ለእኛ ብላ ነው ያደረገችው። ይህ እንዳይታወቅ ብዬ የአርባ ሰው በር አንኳኳሁ፤ የራሴን ዘጋሁ። እርስዎ የእህቴን እውነተኛ ሕመም ውሸት አሉት፤ እኔ ደግሞ ውሸቴን እውነት ነው ብዬ በፖስታ ላክሁልዎ። ከእንግዲህ እርስዎን መቀየም አልችልም።

ደብዳቤዎ እንደደረሰ ለእናቴ ነገርኋት።

«እማ፣ የባጃጇ ብድር አልተከፈለም።»

«ተከፍሏል'ኮ! ከደመወዜ እየቆረጥሁ ነው ብላኛለች።»

«አልቆረጠችም።»

«ታዲያ ምን አደረገችው ደመወዟን?»

ይህን ስትጠይቀኝ ሁለታችንም መልሱን አወቅነው። የእኔን የትምህርት ቤት ወጪ፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ሸፍናበታለች።  እናቴ ቀለሙን አምጣ አለችኝ። «ልጄ ለእኔ ስትል ዋሽታለች። እኔ ለእሷ ስል አልዋሽም» ብላ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ወረቀቱን አያይዣለሁ። ይህ ደብዳቤም ፋይል ይግባ፤ እንዲገባ ነው የጻፍሁት።

ወላሂ፣ አሁን አርባ አንድ ሞልቷል።

ሙሀይሚን


ባሕር ዳር፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙሀይሚን፣

ሪፖርቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ተልኳል። በሰው ፊት ከመስማትህ በፊት ስለ እህትህ የጻፍሁትን አንብበው፦

«ሒሳብ ሠራተኛዋ ከማኅበሩ ገንዘብ አንድም ብር ለራሷ እንዳልወሰደች ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ያልተከፈለውን ተከፍሏል ብላ መዝግባለች፤ ከእነዚህም አንዱ የእናቷ ብድር ነው። በዚህ ምክንያት አባላት የማኅበራቸውን ሕመም ሦስት ዓመት ሳያውቁ ቆይተዋል። አትጠይቂ የተባለችው በቃል እንደሆነ ብዙ ተበዳሪዎች መስክረዋል።»

ለስለስ ላደርገው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ከሰረዝሁት ይልቅ የተውሁት ይበልጥ የሚያከብራት መሰለኝ። ትቀየመኝ ይሆናል። ጉባኤው እንዴት እንደሆነ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ይህኛው የኦዲተር ጥያቄ አይደለም።

ተሾመች


ሐይቅ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ተሾመች፣

እንዴት ከረሙ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።

ጉባኤው በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ ተደረገ። ሪፖርቱ ሲነበብ እናቴና እኔ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። «አንድም ብር» የሚለው ሲነበብ ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ «የእናቷ ብድር» ሲባልም ዞረ። እናቴ አንገቷን አልደፋችም። ጋሽ አንዳርጋቸው ተነሥተው «እኔ አትጠይቂ ነው ያልኋት፤ ተከፍሏል ብለሽ ጻፊ አላልኋትም» አሉ። ይህ እውነት ነው። ከሴቶቹ በኩል ግን ዑምኩልሱም ብድግ አለችና «አይ አንቱ! አትጠይቂ ብለው ሲያበቁ ምን ብላ ትጻፍ? ግጥም?» አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም ሳቁና ተቀመጡ፤ ከዚያ በመሐረብ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ማኅበሩ አይዘጋም። ሁለት ዓመት ትርፍ አይከፋፈልም፤ ሁሉም መጠባበቂያ ይገባል። ገንዘብ ማውጣት ለጊዜው በልክ ነው። የለቅሶ ቤት ብድርም ከአርባው በኋላ የቅሬው ዳኛና አዲሷ ሒሳብ ሠራተኛ አብረው ሄደው በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ጊዜ ቢሰጥም በጽሑፍ ይሰጣል። እጅ ሲወጣ እኔ ገና አባል ስላልሆንሁ አላወጣሁም። እናቴ አወጣች።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ባድሩና ፋሲካ የምትባለው አዲሷ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው።  ጋሽ ባድሩ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቁ። በመጨረሻ እናቴ ራሷ «ባድሩ፣ የመጣህበትን ተናገር እንጂ» አለቻቸው።

«ሐቢባ፣ የማኅበሩ ብድር አለብሽ።»

«አዎ፣ አለብኝ።»

«በወር ሰባት መቶ ትችያለሽ ወይ?»

 እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። «ልጄ ከሄደች ጀምሮ» አለች፣ «ሰው በደጄ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የተበደረኝ አይመልስልኝ፣ ያበደረኝ አይጠይቀኝ። እኔም ነገሩ ገና ያላለቀ ይመስለኝ ነበር፤ ደሴ ሄዳ የዘገየች። ዛሬ ጠየቃችሁኝ። እንግዲህ ሞታለች ማለት ነው።»

ጋሽ ባድሩ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም። ገብታ ሰባት መቶ ብር ይዛ ወጣችና ለፋሲካ ሰጠቻት። ፋሲካ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ደረሰኝ ጻፈች፤ ቀደደችና ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንሁ ለእኔ ሰጠችኝ። የእናቴ ስም በትክክል ተጽፏል፣ ብሩም ልክ ነው፣ ቀኑም ልክ ነው። ጽሕፈቱ ግን የሌላ ሰው ነው።

ትምህርት ቤት አርፍጄ ገባሁ።

ሙሀይሚን